ባሕሩን በመርከብ፣ አገሩን በእግር

አባቴ ከሃያ ዓመት በላይ በአሰብ መንገድ የተመላለሰ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ተሳቢ የሚጎትት ኤንትሬ ፊያቱን ይዞ ከኮምቦልቻ ይነሣና በባቲ ወርዶ፣ ሚሌን አልፎ፣ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን መንገድ ገፍቶ ወደቡ ይደርሳል፤ ጭኖ ሲመለስ ለልጆቹ የሚያመጣልን ቴምርና የባሕር ወሬ ነበር። ሙቀቱ ሲበረታ የከተማው ሰው አልጋውን ደጅ አውጥቶ እንደሚተኛ፣ መርከብ ከሩቅ ሲመጣ መጀመሪያ ጫፉ ብቻ እንደሚታይ ይነግረን ነበር። እናቴ ግን ያን ሁሉ ዘመን በደሴ ብርድ ውስጥ ልጆች ስታሳድግ ኖረች እንጂ ባሕሩን አላየችም። «አንድ ጥር፣ ልጆቹ ትምህርት ሲያርፉ ይዤሽ እወርዳለሁ» ይላት ነበር። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር መንገዱ ተዘጋ፤ እርሱም ቃሉን ሳይፈጽም ወደ አኼራ ሄደ።

ስለዚህ ሮም ውስጥ አረጋውያንን በመንከባከብ ሥራ የምትተዳደረው ታናሽ እህቴ «እማዬን ባሕር ላሳያት» ብላ የሰባት ሌሊት የመርከብ ሽርሽር ስትቆርጥልን፣ እኔ ራሴ በአውቶቡስና በባቡር እየተንቀሳቀሱ አገር ማየትን የምመርጥ ብሆንም አንድም የተቃውሞ ቃል አልወጣኝም። ከተመለስን ወዲህ ውጭ አገር ልጆች ያሏቸው ጎረቤቶቻችን «ልጆቻችን ሊወስዱን ነው፤ የቱ ይሻለናል?» እያሉ ይጠይቁኛል። ጥያቄው ከአቦል እስከ በረካ በሚጠጣበት ጊዜ ውስጥ ተመልሶ የሚያልቅ ስላልሆነልኝ በጽሑፍ ላስቀምጠው ወሰንኩ።

በመጀመሪያ ወረቀቱን ላንሣ፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ሰው ከመርከቡ ምቾት በፊት የሚመጣው እርሱ ነውና። መርከቡ የሚነካቸውን ወደቦች አንድ በአንድ መቁጠር ያስፈልጋል። የእኛ መርከብ ከሮም በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ከምትርቀው ከቺቪታቬኪያ ወደብ ተነሥቶ፣ ጄኖቫን፣ ማርሴይን፣ ባርሴሎናን፣ ፓሌርሞንና ናፖሊን ነክቶ ወደ ተነሣበት የሚመለስ ነበር። ጣሊያን፣ ፈረንሳይና ስፔን ሦስቱም የሸንገን አገሮች በመሆናቸው አንድ ቪዛ በቃን። መርከቡ በመካከሉ ቱኒዚያን ወይም ቱርክን የሚነካ ቢሆን ኖሮ ግን ከሸንገን ወጥቶ እንደ መመለስ ስለሚቆጠር ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ፣ በተጨማሪም የዚያን አገር ፈቃድ ማሰብ ግድ ይሆንብን ነበር። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና መድንም ለቪዛው ይጠየቃል። በባቡር የሚሄድ ሰው ዕቅዱ ቢበላሽበት ነገ ሊሄድ ይችላል፤ መርከብ ግን በሰዓቱ ይነሣል፤ የቀረ ቀረ ማለት ነው።

መርከቡ እንደገባን ከመነሣቱ በፊት የአደጋ ጊዜ ልምምድ አደረግን። እናቴ የነፍስ አድን ጃኬቱን እያየች በልቧ ዱዓ ስታደርግ አየኋት። ልምምዱ እንዲህ የሚጠበቅበት ምክንያት አለው። እ.ኤ.አ. በጥር 2012 ኮስታ ኮንኮርዲያ የተባለችው መርከብ ከዚያው ከቺቪታቬኪያ በወጣችበት ምሽት በጂልዮ ደሴት አጠገብ ከዐለት ጋር ተጋጭታ 32 ሰዎች ሞተዋል፤ በዚያ ዕለት የተሳፈሩት ሰዎች ልምምዱን ገና አልወሰዱም ነበር። ከዚያ አደጋ ወዲህ ልምምዱ መርከቡ ከመነሣቱ በፊት ወይም እንደተነሣ ወዲያው እንዲደረግ ተደነገገ። ይህን ለእናቴ የነገርኳት ከተመለስን በኋላ ነው።

ባሕሩን ያየችበትን ሰዓት ግን ልጽፈው ይገባል። መርከቡ ሲነሣ አመሻሽ ላይ ነበር። በረንዳው ላይ ወንበር አውጥተንላት ተቀመጠች፤ ነጠላዋን አጥብቃ ብረቱን በሁለት እጇ ያዘች። ምድሩ ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ሸሸና ሰማያዊ መስመር ብቻ ሲሆን፣ ብዙ ቆይታ፣ «ዳር የለውም እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ከዚያም «ይህን አይቶ ነው ለካ እየተመላለሰ የሚያወራው» አለች። ሌላ አልተናገረችም። መግሪብ እስኪደርስ ድረስ ከዚያ ወንበር አላስነሣናትም። የመርከብ ሽርሽር የሚያስቆጥረውን ጉድለት ሁሉ ከዚህ በታች እዘረዝራለሁ፤ ጉልበቷ ለሚያማት የ71 ዓመት ሴት ግን ያን ምሽት በምድር ላይ በምንም መንገድ ልሰጣት እንደማልችል ዐውቃለሁ።

መግሪብ ደረሰና ያላሰብነው ጉዳይ መጣ። ደሴ ላይ ቂብላ ወደ ሰሜን ነው፤ መካ ከእኛ በላይ ቀጥ ብላ ስለምትገኝ እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ የጦሳን ተራራ ወደ ግራዋ አድርጋ ስትሰግድ ኖራለች። በሜዲትራኒያን ምዕራብ ግን መካ በደቡብ ምሥራቅ በኩል ትሆናለች፤ መርከቡ ደግሞ ይዞራል። በአንድ ረከዓና በሌላው መካከል ፀሐይ ከመስኮቱ ግራ ወደ ቀኝ ስትሄድ አይተናል። መፍትሔውን ያገኘልን ክፍላችንን የሚያጸዳው ወጣት ነው። ኢንዶኔዥያዊ ነው፤ እናቴን በመስገጃዋ ላይ ሲያያት በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀ፤ ስትጨርስ «አሰላሙ አለይኩም» አላት። በማግሥቱ ጠዋት በስልኩ ኮምፓስ አቅጣጫውን ለክቶ አሳየን፤ ስንጀምር ፊታችንን ወደ ቂብላ ካደረግን በኋላ መርከቡ ቢዞር የምንችለውን ያህል እንደምንዞር፣ ካልቻልንም እንዳይጨንቀን በምልክትና በጥቂት የዐረብኛ ቃላት ነገራት። እናቴም «አብሽር ልጄ፣ አላህ ባለንበት ያየናል» ብላ በአማርኛ መለሰችለት፤ የተግባቡም መሰለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ በየማለዳው ሱብሒ ሰግዳ እንደጨረሰች አልጋዋን ታነጥፍ ጀመር። እህቴ «እማዬ፣ እኮ ይህ ሥራው ነው፤ ተከፍሎበታል» ስትላት «ሥራው መሆኑን ዐውቄ ነው ላግዘው ያልኩት» አለቻት። አንሶላውን ጠርዙን ይዛ እጥፍ አድርጋ፣ እጇን እንደ መዳመጫ አሳርፋበት፣ ትራሱ ላይ ከደሴ ያመጣችውን ዳቦ ቆሎ በወረቀት ጠቅልላ ታስቀምጥለት ነበር። በሦስተኛው ቀን የስድስት ወር ሳለች ትቷት የመጣትን የልጁን ፎቶግራፍ አሳያት። ውሉ ዘጠኝ ወር ነው፤ ልጅቱ መራመድ የጀመረችው እርሱ ባሕር ላይ እያለ ነው። የመርከብ ሠራተኞችን መብት የሚደነግገው የ2006ቱ (እ.ኤ.አ.) ዓለም አቀፍ ስምምነት በቀን እስከ 14 ሰዓት እንዲሠሩ ይፈቅዳል። በዚያ ከ4,000 በላይ ሰው በተሳፈረበት መርከብ ላይ በእውነት ያወቅነው ሰው ቢኖር ያገለገለን ያ ወጣት ብቻ ነው። ከጎናችን በረንዳ ላይ ለሰባት ሌሊት የተቀመጡትን ባልና ሚስት ከየት እንደመጡ እንኳ አላወቅንም።

አሁን መርከቡ የሚጎድለው ነገር ላይ ልምጣ። መርከቡ ሌሊት ይጓዛል። ፍጥነቱ 20 ኖት ገደማ ነው፤ ይህም በሰዓት 37 ኪሎ ሜትር ማለት ስለሆነ በሐረጎ ቁልቁለት ተጠንቅቆ ከሚወርድ አይሱዙ ብዙም አይበልጥም። ግን አይሱዙው ሲወርድ ሰውነትህ ያውቀዋል። ከደሴ 2,500 ሜትር ከፍታ ተነሥተህ 25 ኪሎ ሜትር ሳትሞላ ወደ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ስትወርድ ጃኬትህን ታወልቃለህ፣ ጆሮህ ይደፈናል፣ የቦርከና ሸለቆ ሙቀት ፊትህን ይመታሃል፤ ባቲ ስትደርስ ሌላ ልብስ፣ ሌላ ቋንቋ፣ ግመል የሚነዳ ሰው ታያለህ። አገር ከአገር የሚለየው ቀስ በቀስ መሆኑን እግርህና ቆዳህ ይነግሩሃል። በመርከቡ ላይ ግን ጄኖቫ ላይ ተኝተን ማርሴይ ላይ ነቃን፤ ማርሴይ ላይ ተኝተን ባርሴሎና ላይ ነቃን። በሁለቱ መካከል ምን እንዳለ፣ ሰዉ የት ላይ ፈረንሳይኛ መናገር ትቶ ስፓኒሽ እንደሚጀምር፣ ወይኑ የት አብቅቶ ተራራው እንደሚጀምር አላየንም። መጋረጃው ሲገለጥ ሌላ ከተማ ነው፤ ቁርሱ ግን የትናንቱ ቁርስ ነው።

ይህም የመርከቡ ስሕተት አይደለም፤ ከጥንስሱ የተሠራበት ዓላማ ነው። የዛሬው የመርከብ ሽርሽር መነሻ ተደርጎ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1891 አልበርት ባሊን የተባለው የጀርመን የመርከብ ኩባንያ ኃላፊ ያዘጋጀው ጉዞ ነው። በአውሮፓ የብርድ ወራት አትላንቲክን የሚሻገር ተሳፋሪ ስለሚቀንስ መርከቦቹ ያለ ሥራ ይቆሙ ነበር፤ እርሱም ኦገስታ ቪክቶሪያ የተባለችውን መርከብ ወደ ሜዲትራኒያን ለሽርሽር ላካት። አንድን ሰው ከአንድ ቦታ ወደ ሌላው ለማድረስ የተሠራው መርከብ ራሱ መድረሻ የሆነው በዚህ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ሥራ የጀመረችው አይከን ኦቭ ዘ ሲስ 365 ሜትር ርዝመትና 20 ፎቅ ያላት፣ እስከ 7,600 ተሳፋሪ የምትይዝ ናት። እንዲህ ያለው መርከብ ሆቴሉን፣ ገበያውን፣ መዋኛውንና ቲያትሩን ይዞ ስለሚዞር የሚደርስበት ከተማ እንደ ሥዕል ከመስኮቱ ውጭ ይቀራል።

ናፖሊን ሁለት ጊዜ ስላየኋት ልዩነቱን ከእርስዋ በተሻለ የሚያስረዳልኝ ከተማ የለም።

የመጀመሪያው ከመርከቡ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ደረስን፤ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ይነሣል፣ ተሳፋሪ ግን ቀደም ብሎ መግባት አለበት። ወደቡ ከመሐል ከተማው ጋር የተያያዘ ስለሆነ እናቴን ደግፈን አምስት ማማ ያለው የካስቴል ኑኦቮ ግንብ ሥር ድረስ አደረስናት። ከመርከቡ የወረዱት ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ ከሚይዙ አስጎብኚዎች ኋላ ተሰልፈው በአውቶቡስ ሄዱ። እኛ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን፣ ቡና ጠጣን፣ ፎቶግራፍ ተነሣን። ቬሱቪየስ ከሩቅ ይታያል። ቀኑ መልካም ነበር፤ ነገር ግን ከስድስት ሰዓት በኋላ ዐይኔ ከሰዓቴ ላይ አልተነሣም። አንድ ጎዳና ደስ ሲለኝ መጀመሪያ የማስበው ለመመለስ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅብን ሆነ። ከተማዋን ያየናት እንደ ሰርግ ቤት እንግዳ፣ ለሚቀጥለው ተራ ቦታ ለመልቀቅ ተዘጋጅተን ነበር።

ሁለተኛው፣ ከመርከቡ ከወረድን ከሳምንት በኋላ፣ ከእህቴ ጋር ከሮም በፈጣን ባቡር ከአንድ ሰዓት በጥቂቱ በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ የሄድነው ነው። የስፔኖች ሠፈር በሚባለው ጠባብ መንገድ ውስጥ አራተኛ ፎቅ ላይ ክፍል ተከራየን፤ አሳንሰር የለውም። በማለዳ መስኮቱን ስከፍት ከፊት ለፊት ያለችው አሮጊት በገመድ ያሠረችውን ቅርጫት ወደ ታች አወረደች፤ ታች ያለው ልጅ ገንዘቡን አንሥቶ ዳቦ ከተተበት፤ እርስዋም ገመዱን በሁለት እጇ እየተቀባበለች ጎተተችው። በሦስተኛው ቀን እኛንም በስም መጥራት ጀምራለች። ያን ቅርጫት ለማየት ከተማዋ ውስጥ መንቃት ያስፈልግ ነበር፤ ከመርከብ የሚወርድ ሰው ቁርሱን ሲጨርስ ቅርጫቱ ተሰቅሏል።

ወደ ፖምፔ ስንሄድ ደግሞ ተሳሳትኩ። የቬሱቪየስን ዙሪያ የሚሄደው የአካባቢው ባቡር መሥመሮች አሉት፤ ለጥንታዊቷ ከተማ ዋና መግቢያ የሚቀርበው በሶሬንቶ በኩል የሚያልፈው ነው። እኔ ግን «ፖምፔ» የሚለውን ቃል ብቻ አንብቤ ወደ ፖጆማሪኖ የሚሄደውን ያዝኩ፤ በታላቁ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ አዲሲቱ የፖምፔ ከተማ ውስጥ ወረድን። ፀሐዩ ያቃጥላል፣ እህቴም ተቆጥታለች። መንገድ ስንጠይቃቸው አንድ አዛውንት «ኑ» ብለው ይዘውን ሄዱ። ሱቃቸው ክፍት ነበር፤ ለጎረቤታቸው «እይልኝ» ብለው ተውት። እህቴ ጣሊያንኛ ስለምትችል እየሄድን ከየት እንደመጣን ጠየቋት። «ኢትዮጵያ» ስትላቸው ዝም አሉ። ጥቂት እንደተራመድን ቆሙና «አባቴ እዚያ ነበር፤ መንገድ ሥራ ላይ» አሉ። የከተሞቹን ስም አያስታውሱም፤ አባታቸው ከመርከብ የወረደበትን ወደብ ብቻ ያውቃሉ። «አሰብ» አሉ።

ያን ስም ከባዕድ አፍ ስሰማ እግሬ ከዳኝ። የአሰብን መንገድ ወረራው በነበረበት ዘመን ጣሊያኖች መሥራታቸውን ከልጅነቴ ጀምሮ ዐውቃለሁ፤ አባቴ ድልድዮቹን ሲያልፍ ይቆጥራቸው ነበር። በኅዳር 1928 ዓ.ም. አውሮፕላኖቻቸው ደሴን በቦምብ እንደደበደቡም አያቴ ነግራናለች። ይህን ሁሉ በዚያች ሰዓት ለእኒያ አዛውንት ልነግራቸው አልቻልኩም፤ እህቴ ግን «የእኛ አባት በዚያ መንገድ ላይ ሹፌር ነበር» አለቻቸው። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ምን እንዳሰቡ አልተናገሩም፤ እኛም አልጠየቅንም። በስተምሥራቅ በኩል ባለው በር፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ70 ገደማ ወደተሠራው የድንጋይ ትርዒት ቦታ አጠገብ አድርሰውን እጃችንን ጨብጠው ተመለሱ። እ.ኤ.አ. በ79 በእሳተ ገሞራ አመድ የተቀበረችውን ከተማ እስከ ማታ ድረስ ዞርን፤ እኔ ግን ከዚያ ሁሉ ይልቅ የማስታውሰው ያን መንገድ ነው። የተሳሳትኩት ባቡር ባይሆን ኖሮ ከእኒያ ሰው ጋር አልገናኝም ነበር፤ በአስጎብኚ አውቶቡስ የሚሄድ ደግሞ የሚሳሳትበት ዕድል የለውም።

የምድር ጉዞን የምወደው ስለዚህ ነው። ሸክሙን ራስህ ስትሸከም፣ ማለትም አልጋውን ስትፈልግ፣ ባቡር ስትሳሳት፣ መንገድ ስትጠይቅ፣ በችግርህ በኩል ሰው ይገባል። መርከቡ ሸክሙን ሁሉ ይወስድልሃል፤ ከሸክሙ ጋር ሰውየውንም ይወስደዋል።

ይህን ብጽፍም የሚከነክነኝ ነገር አለ። እኔ ናፖሊ ውስጥ አራት ፎቅ ስወጣና ስወርድ እናቴ ሮም፣ የእህቴ ጓደኛ ቤት ውስጥ ቀርታ ነበር። ደረጃው፣ የፖምፔ ድንጋይ መንገድ፣ ፀሐዩ ለጉልበቷ የሚሆን አልነበረም። የምወደው የጉዞ ዓይነት እናቴን ትቶ የሚሄድ የጉዞ ዓይነት ነው። በስልክ ደውዬ ስለ አዛውንቱ ስነግራት አለቀሰች፤ «እኔም ሰላም ባልኳቸው ነበር» አለችኝ። ዕድሜዋን ሙሉ የሌላውን ሸክም ስትሸከም የኖረች ሴት ሰባት ቀን ሸክም ሲቀርላት፣ «ከሰው አላገናኘሽም» ብዬ መርከቡን ልከስበት አልችልም። እርስዋ ደግሞ እዚያም ሆና አልጋ በማንጠፍ ሰው አገኘች።

ስለ ገንዘቡ በአጭሩ፦ መርከቡ አልጋና ምግብ ስለሚያጠቃልል በቀን ሲካፈል ከናፖሊው አራት ቀን አነሰ፤ ነገር ግን የአገልግሎት ክፍያ በየቀኑ በነፍስ ወከፍ ይጨመራል፣ ኢንተርኔት፣ ለስላሳ መጠጥና የከተማ ጉብኝት ለየብቻ ይከፈላሉ። ሐላል ሥጋ ለሚፈልግ ደግሞ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል፤ እኛ በዓሣና በአትክልት ሰነበትን። ወጪውን ከሚያየው ሰው ሌላ የሚከፍለውም አለ። የጣሊያን መንግሥት ከነሐሴ 1፣ 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ25,000 ቶን በላይ የሆኑ መርከቦች በቬኒስ ቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ፊት እንዳያልፉ የከለከለው መርከቦቹ ከተማዋንም የባሕር ሐይቋንም እንዳይጎዱ ነው፤ በአንድ ጠዋት ሺህዎች ወርደው በዚያው ማታ የሚሄዱበት ኑሮም ለወደብ ከተማ ይከብዳል። በመርከብ የሚሄድ ሰው ቢያንስ በወደቡ ከተማ ምሳውን እዚያው ቢበላ፣ ዳቦውን ከሠፈር ሱቅ ቢገዛ መልካም ይመስለኛል።

ሐሳቤ አሁን ወደዚህ ወደ ቤታችን ዞሯል። ጎረቤቶቼ ሲጠይቁኝ መጀመሪያ መልሼ የምጠይቃቸው «ከማን ጋር ነው የምትሄዱት?» ብዬ ነው። እናት ወይም ሕመምተኛ ካለ መርከቡን ያዙ እላለሁ፤ ጉልበት ያለው ወጣት ከሆነ በባቡር ይሂድ፣ ለእያንዳንዱ ከተማ ሦስት ሌሊት ይስጥ እላለሁ። እኔና እናቴ ግን ሌላ ተስማምተናል። መንገዱ ሰላም በሆነበት ሳምንት፣ ሰኞ ጎሕ ሳይቀድ፣ ከኮምቦልቻ የተከራየነውን መኪና ይዘን በባቲ ገበያ ቀን እንወርዳለን። ሹፌሩ የአባቴን ዘመን የሚያስታውሱ ሰው ናቸው፤ እናቴ በፈለገችበት ሁሉ ለማቆም ተስማምተዋል። ከባቲ ወደ ሚሌ እንቀጥላለን፤ አሰብ መድረስ አንችልም፤ እስከምንደርስበት እንሄዳለን። ለባሕር ጉዞው ያልወሰደችውን የአባቴን የሹፌር ጃኬት ለዚህኛው ከሣጥን አውጥታ ፀሐይ ላይ ሰቅላዋለች፤ ባቲ ላይ እንደምታወልቀው ብነግራትም ከደሴ ስንወጣ እንደሚያስፈልጋት ነው የምትለኝ።